ሁለተኛ ሳምፕ ልጨምር? ይጨምሩ፣ የሚመልስ ፓምፕ ግን አይግዙ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን 300 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም አላቸው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ከፍታውም 50 ሴንቲሜትር ነው። ከሥሩ ካቢኔው ውስጥ 60 በ40፣ ቁመቱ 40 የሆነ ሳምፕ፣ ማለትም የአኳሪየሙ ውሃ ወርዶ የሚጣራበትና በፓምፕ የሚመለስበት ገንዳ፣ አለ። ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ስኪመሩ፣ ግማሹን ይዞታል፣ ሌላ ነገር ማስገባት አይቻልም። ከምግብና ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት በሊትር 40 ሚሊግራም ላይ ቆሞ አልወርድ ብሏል። ስለዚህ 80 በ40 በ40 የሆነ ባዶ የመስታወት ገንዳ ከሳምፑ ጎን አስቀምጠው አልጌ ሊያበቅሉበት አስበዋል። የሚያውቁት ሰው «አንድ ፓምፕ ከሳምፑ ወደ አዲሱ ይግፋ፣ እኩል ጉልበት ያለው ሌላ ፓምፕ ደግሞ ይመልስ» ብሏቸዋል። «ይሠራል ወይስ ቤቴን ያጥለቀልቀዋል?» ይላሉ።

ያጥለቀልቀዋል። ዛሬ ባይሆን ነገ።

ሁለት ፓምፖች እኩል ውሃ ገፍተው አያውቁም፤ ካርቶናቸው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢጻፍም። የአንዱ ቱቦ ትንሽ ይታጠፋል። የሌላው መሳቢያ ላይ የአልጌ ቁራጭ ይለጠፋል። ውስጣቸው ካልሲየም ሲጋገር ደግሞ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ይደክማሉ። ሁለቱም በሰዓት 1000 ሊትር ይገፋሉ እንበል። ልዩነታቸው 1 ከመቶ ብቻ ቢሆን በሰዓት 10 ሊትር ነው። አዲሱ ገንዳ ላይ 6 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ቢተዉ የሚይዘው 19 ሊትር ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ወለሉ ላይ ነው። መላሹ ፓምፕ ከበረታ ደግሞ አዲሱ ገንዳ ይደርቅና ፓምፑ አየር እየሳበ ይቃጠላል።

«ውሃው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ እጨምርበታለሁ» የሚል አይጠፋም። ተንሳፋፊው ላይ ቀንድ አውጣ ይወጣበታል፣ ጨው ይደርቅበታል፣ አልጌ ይጠመጠምበታል። ተንሳፋፊን ለተጨማሪ ጥንቃቄ እወደዋለሁ። የቤቱን ደረቅነት እሱ ላይ ብቻ መጣል ግን አይሆንም።

ደንቡ ቀላል ነው። ፓምፕ ያወጣል፣ ስበት ይመልሳል። ስበት ራሱን ያርማል። ብዙ ውሃ ሲገባ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ይላል፣ በመውጫው የሚፈሰውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። የገባውና የወጣው ማንም ሳይነካው እኩል ይሆናል። ዋናው አኳሪየምዎና ሳምፕዎ አሁንም የሚሠሩት በዚሁ ነው። ለሦስተኛው ገንዳ ሌላ ሕግ መፍጠር አያስፈልግም።

ይህንን ደንብ ሳይጥሱ ሁለቱን ገንዳዎች ለማገናኘት ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ሁለቱን እኩል ከፍታ ላይ አስቀምጦ፣ ጎናቸውን በስቶ፣ በወፍራም ቧንቧ ማያያዝ ነው። ከዋናው አኳሪየም የሚወርደው ውሃ አዲሱ ገንዳ ላይ ያርፋል፣ በቧንቧው አልፎ ወደ ሳምፑ ይሻገራል፣ ከዚያ በዋናው ፓምፕ ወደ ላይ ይመለሳል። ሁለት ገንዳዎች እንደ አንድ ይሆናሉ። ትልቁ ጥቅሙ መብራት ሲጠፋ ይታያል፤ ከላይ የሚወርደው ውሃ በሁለቱም ላይ ይከፋፈላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቧንቧው ስፋት ነው። ውሃ ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ የሚሻገረው በሚሰጠው ገንዳ ያለው ውሃ በተቀባዩ ካለው ትንሽ ከፍ ሲል ብቻ ነው። ከፍታው ስንት መሆን እንዳለበት የሚወስነው ቧንቧው ነው። ፓምፕዎ በሰዓት 2500 ሊትር ያነሳል ብለን እናስላ። ውስጡ 25 ሚሊሜትር በሆነ አጭር ቧንቧ ይህን ሁሉ ውሃ ለማሳለፍ በሁለቱ ገንዳዎች ውሃ መካከል የ20 ሴንቲሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ያስፈልጋል። መገጣጠሚያና ቫልቭ ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር በሆነ ገንዳ ይህ ማለት አንዱ ሊሞላ ሲል ሌላው ሊደርቅ ነው። ቧንቧው 50 ሚሊሜትር ቢሆንስ? ልዩነቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ጉድጓዱ አራት እጥፍ ይሰፋል፣ የሚያስፈልገው ከፍታ ደግሞ ወደ አሥራ ስድስተኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ከሄዱ ባለ 50 ቧንቧ፣ ከተቻለም ሁለት ያድርጉ። አንዱ ቢደፈን ሌላው ያሳልፋል።

የዚህ መንገድ ችግር ቀዳዳዎቹ ከውሃው በታች መሆናቸው ነው። የቀዳዳው ማሸጊያ ጎማ አንድ ቀን ከደከመ የሚያንጠባጥበው ያለማቋረጥ ነው። በተጨማሪም የሚሠራ ሳምፕ ባዶ አድርገው፣ አውጥተው፣ መብሳት ይኖርብዎታል። የጠነከረ መስታወት ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይበሳም። መሰርሰሪያው ሲነካው እንደ ስኳር ይበተናል። ሁለቱንም ገንዳዎች ከመንካትዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ።

ለእርስዎ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። አዲሱን ገንዳ ከሳምፑ ጎን 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ባለ ጠንካራ መቀመጫ ላይ ያሳርፉት። ጎኑን ላይ በኩል ይብሱት፤ የቀዳዳው የታችኛው ጫፍ ከገንዳው ወለል 32 ሴንቲሜትር ላይ ይሁን። ከሳምፑ የመጨረሻ ክፍል፣ ማለትም ዋናው ፓምፕ ካለበት፣ ውሃ ወደ አዲሱ ገንዳ ይውጣ። በቀዳዳው ሞልቶ በስበት ወደ ሳምፑ ይውረድ። ነባሩ ሳምፕ አይበሳም፣ ቧንቧው በአፉ በኩል ይገባል። ካቢኔው ከፍታ እንዳለው ግን አስቀድመው ይለኩ። 15 ለመቀመጫው፣ 40 ለገንዳው፣ ከዚያ በላይ ለመብራቱና ለእጅዎ ቦታ ያስፈልጋል። እጅ የማይገባበት የአልጌ ገንዳ ከሁለት ወር በኋላ የተረሳ ገንዳ ነው።

ክብደቱንም አይርሱት። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ አንድ ኪሎን ትንሽ ያልፋል። 34 ሴንቲሜትር ውሃ የያዘው አዲሱ ገንዳ ከነመስታወቱ ከ120 ኪሎ በላይ ነው። ከተጨመቀ እንጨት የተሠራ የካቢኔ ወለል ላይ ይህን አላስቀምጥም፤ መቀመጫው ቀጥታ መሬት ላይ ይቁም።

ውሃውን ማን ያንሳው? ከዋናው ፓምፕ ቧንቧ ላይ በቲ፣ ማለትም ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ፣ ቀንጥሰው በቫልቭ መቆጣጠር ይችላሉ። ኤሌክትሪክ ይቆጥባል። እኔ ግን ለብቻው በሰዓት 1000 ሊትር የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ እመርጣለሁ። በቲ ሲሆን አንዱን ቫልቭ በነኩ ቁጥር የሌላው ፍሰት ይለወጣል፤ ከዚያ ማስተካከል የማያልቅ ሥራ ይሆናል። ትንሽ ፓምፕ ጨመርኩ ማለት ደግሞ ወደ ሁለት ፓምፕ ሚዛን ተመለስኩ ማለት አይደለም። ሁለቱም ፓምፖች የሚያነሱት ከአንድ ክፍል ነው፤ ሁለቱንም የሚመልሰው ስበት ነው። የአዲሱ ገንዳ መመለሻ ቧንቧ 40 ሚሊሜትር ይሁን፣ አፉ ላይም አልጌ የማያሳልፍ ሰፊ ወንፊት ይደረግበት። ወንፊቱ ጠባብ ከሆነ ራሱ መደፈኛ ይሆናል።

አሁን መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን እንይ። ፓምፑ ሲቆም ዋናው አኳሪየም እስከ ኦቨርፍሎው፣ ማለትም የላይኛው መውጫ፣ ጥርሶች ድረስ ይወርዳል፤ ዋናው ፓምፕ ወደ አኳሪየሙ የሚገፋበት ቧንቧ አፍ ከዚያ በታች ጠልቆ ከሆነ ደግሞ እስከዚያ አፍ ድረስ ወደ ኋላ ይሳባል። የአኳሪየምዎ ስፋት 6000 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። በ3 ሴንቲሜትር ቢወርድ 18 ሊትር፣ በ5 ቢወርድ 30 ሊትር ሳምፑ ላይ ይወርዳል። አዲሱ ገንዳም ከቀዳዳው ጫፍ በላይ የነበረችውን 2 ሴንቲሜትር ይለቃል፤ እሷ 6 ሊትር ናት። 18 ላይ 6 ሲጨመር፣ ቧንቧዎቹ ውስጥ ያለውም ሲታከልበት፣ የሳምፑ ውሃ ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። በ30 ሊትሩ ከሄድን ግን ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የዚህን የዋናው ፓምፕ ቧንቧ አፍ ከአኳሪየሙ ውሃ ገጽ ብዙ አያጥልቁት። ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቧንቧው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይብሱ፤ አየር ሲገባ የመሳብ ኃይሉ ይቋረጣል። ቀዳዳዋን አልጌ ስለሚደፍናት በየጊዜው በጥርስ መፋቂያ ይንኳት። ወደ አዲሱ ገንዳ የሚገባው ቱቦ አፍም ከውሃው በላይ ይሁን። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን ቼክ ቫልቭ አምኜ አላውቅም። የባሕር ውሃ ውስጥ አንዲት የቀንድ አውጣ ቅርፊት ትበቃዋለች።

ሌላው ሊሆን የሚችለው የአዲሱ ገንዳ መመለሻ ቧንቧ መደፈን ነው። አልጌ ባለበት ገንዳ ይህ መሆኑ አይቀርም። ፓምፑ መግፋቱን ይቀጥላል፣ ውሃው ግን አይመለስም። እዚህ ላይ የሚያድንዎት ነገር ፓምፑ ያለበት የሳምፕ ክፍል ትንሽነት ነው። ክፍሉ 20 በ40 ቢሆንና ፓምፑ አየር እስኪስብ ድረስ 15 ሴንቲሜትር ቢወስድ፣ ጠቅላላ የሚያነሳው 12 ሊትር ነው። አዲሱ ገንዳ ላይ ደግሞ የ19 ሊትር ባዶ ቦታ አለ። ፓምፑ ይንጫጫል፣ ወለሉ ደረቅ ነው። ፓምፑን ሰፊው ክፍል ውስጥ ካስቀመጡት ግን ይህ ጥበቃ የለም።

ይህ ስሌት አንድ ቀዳዳ አለው፤ እሱም አውቶ ቶፕ ኦፍ የሚባለው፣ የተነነውን ውሃ ራሱ የሚተካው መሣሪያ ነው። መሣሪያው የሚያየው የፓምፑን ክፍል ብቻ ነው። ውሃው ሲቀንስ «ተነነ» ብሎ ያምናል፣ ንጹሕ ውሃ ይጨምራል። ቧንቧው ተደፍኖ ከሆነ እየጨመረ፣ ፓምፑም ወደ ላይ እየገፋ፣ አዲሱ ገንዳ ይፈሳል፤ የጨው መጠኑም ይወርዳል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የመሙያው ማጠራቀሚያ ትንሽ ይሁን። በእርስዎ ልክ 12 ሲደመር 7 ሊትር 19 ነውና፣ ከ7 ሊትር የማይበልጥ ማጠራቀሚያ ከነሙሉው ቢጨመር እንኳ ከአፍ አያልፍም። በየቀኑ መሙላት ከሰለቸዎት ትልቅ ማጠራቀሚያ ያድርጉ፤ ያኔ ግን መመለሻ ቧንቧው ሁለት ይሁን፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 3 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ያለ ወንፊት።

ቧንቧውን እዚህ ላይ እንተወውና ወደ አልጌው እንሂድ።

አዲሱ ገንዳዎ ሬፉጂየም የሚባለው፣ ዓሣ የማይደርስበት ክፍል ነው። ኮፔፖድና አምፊፖድ የመሳሰሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ዓሣ ሳይበላቸው ይባዙበታል፣ አልጌም ያድግበታል። ማንዳሪን የሚባለውን ዓሣ ለሚያኖር ሰው ለነዚህ ፍጥረታት ሲባል ብቻ ቢሠራ ያዋጣል። የእርስዎ ጉዳይ ግን ናይትሬት ነው፤ እሱን የሚያወጣው ደግሞ የአልጌው መኖር ሳይሆን መቆረጡ ነው። አልጌ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሰውነቱ ውስጥ ያስገባል። ካልቆረጡት እዚያው ይበሰብስና መልሶ ይለቀዋል።

ምን ያህል ይቆረጣል? በግምት እናስላው። አሁን በጠቅላላው 320 ሊትር ያህል ውሃ አለዎት። ናይትሬት የሌለበት 105 ሊትር አዲስ የጨው ውሃ ሲጨምሩ 40 የነበረው ወደ 30 ይወርዳል። በመጀመሪያው ሳምንት «ሬፉጂየሙ ሠራ!» እንዳይሉ፤ የቀጠነ ውሃ ነው። ከ30 ወደ 10 ለማውረድ ከ425 ሊትር ውስጥ 8.5 ግራም ናይትሬት መውጣት አለበት፤ በናይትሮጅን ሲሰላ ወደ 2 ግራም ገደማ ነው። የደረቀ አልጌ 3 ከመቶው ናይትሮጅን ቢሆን፣ እርጥቡም 90 ከመቶው ውሃ ቢሆን፣ መቆረጥ ያለበት እርጥብ አልጌ ከ600 ግራም በላይ ነው። ይህ የተጠራቀመውን ብቻ ነው። በየቀኑ ከምግብ የሚገባው በላዩ አለ። ስለዚህ ለወራት የሚሄድ ሥራ ነው ብለው ይጀምሩ፤ ጎን ለጎንም ዓሦቹን የሚመግቡትን መጠንና የሚሞሉትን ውሃ ይፈትሹ። መሙያው ውሃ ራሱ ናይትሬት ካለበት ባልዲ በባልዲ እያመጡበት አልጌው ሊጨርሰው አይችልም።

ከአልጌዎቹ ኬቶሞርፋን ይምረጡ። እንደ ተወሳሰበ አረንጓዴ ሽቦ ነው፣ መሬት አይዝም፣ በእጅ ቀድደው ያወጡታል። ካውለርፓ ፈጥኖ ያድጋል፣ ያምራልም። ነገር ግን ለመራባት ሲነሳ በአንድ ሌሊት ሰውነቱን ወደ ውሃው ለቆ ነጭ አጽም ሆኖ ያድራል፤ የሰበሰበውን ሁሉ ይመልስልዎታል። አንዱ ዝርያው በ1984 ሞናኮ አጠገብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ተገኝቶ ከዚያ በሰፊው ተዛምቷል፤ በአንዳንድ ቦታዎች ማኖሩም የተከለከለ ነው። የትኛውንም አልጌ ቢቆርጡ አድርቀው ይጣሉት እንጂ ወደ ውሃ አካል ወይም ወደ ፍሳሽ አይልቀቁት።

«ሬፉጂየም ውስጥ ውሃ ዝግ ብሎ መሄድ አለበት፣ አልጌው እንዲጠጣው» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማሉ። በሚዞር ውሃ ላይ ይህ አይሠራም። ያልተወሰደው ናይትሬት ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ የሚያመልጥ የለም። ዝግ ያለ ውሃ ይልቅ አልጌው ላይ ቆሻሻ ያሳርፋል፣ መሐሉንም ያበሰብሰዋል። በሰዓት 1000 ሊትር የገንዳውን አሥር እጥፍ ያህል ነው፤ ለኬቶሞርፋ ጥሩ ነው። የአልጌው ጥቅል ቀስ ብሎ የሚገላበጥ ከሆነ ልክ ላይ ነዎት። አሸዋ አያስፈልግም። ባዶ ወለል ቆሻሻውን ያሳይዎታል፣ በቱቦ ስበው ያወጡታል።

መብራቱ ከዋናው አኳሪየም ተቃራኒ ሰዓት ይብራ። ሌሊት ሁሉም ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ ይወርዳል። አልጌው በዚያን ሰዓት ብርሃን ካገኘ ካርቦኑን ይወስደዋል፣ ውጣ ውረዱም ይቀንሳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ለ12 ሰዓት ያህል በማብራት ይጀምሩ። ቀይና ሰማያዊ የሚሰጥ የዕፅዋት ኤልኢዲ ይበቃል። ወደ ሳምፑ ብርሃን እንዳያፈስ ግን ጎኑን በጥቁር ይሸፍኑት፤ አለዚያ ስኪመሩ ራሱ አረንጓዴ ይለብሳል። አልጌው እየገረጣ ከሄደና ናይትሬትና ፎስፌት ወደ ዜሮ ከወረዱ ሰዓቱን ይቀንሱ። ዜሮ የሚፈለግ ቁጥር አይደለም። ኮራሎች ምግብ ያጣሉ፣ ዳይኖፍላጅሌት የሚባለው ቡናማ አተላ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ሲጀምሩ አዲሱን ገንዳ ለብቻው በንጹሕ ውሃ ሞልተው አንድ ቀን ያሳድሩት። የፒቪሲ ሙጫው ከመሞላቱ በፊት 24 ሰዓት ይድረቅ። ካላንጠባጠበ ይድፉትና የጨው ውሃ ያዘጋጁ፤ ለ105 ሊትር ከ3.5 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ጨው ይሄዳል። ጨውነቱና ሙቀቱ ከነባሩ ጋር እስኪገጥም አያገናኙት። ከዚያ ፓምፑን ያብሩ፣ ውሃው ሲረጋ በሁለቱም ገንዳዎች ላይ በማርከር መስመር ያስምሩ። ሶኬቱን ይንቀሉና የሳምፑ ውሃ የት እንደሚቆም ያስምሩ። መልሰው ያብሩና የአዲሱን ገንዳ መመለሻ ቀዳዳ በእጅዎ ይድፈኑት። ፓምፑ አየር እስኪስብ ድረስ እዚያው ይቁሙ። ውሃው ከአፍ ካለፈ ፎጣ ይዘው እያሉ ማለፉ ይሻላል።

ለኮራሎቹ በየቀኑ የሚጨምሩት ካልሲየምና አልካላይን መጠን አይቀየርም፤ የሚጠቀሙት ኮራሎቹ ናቸው፣ ቁጥራቸውም ያው ነው። የወረደ መጠን ለማስተካከል ሲሰሉ ግን 320ን ትተው በ425 ያስሉ። የዓሣ መድኃኒት፣ በተለይ መዳብ ያለበት፣ በዚህ ውሃ ውስጥ ከእንግዲህ አይገባም፤ የታመመ ዓሣ ለብቻው ገንዳ ይታከማል። ማሞቂያው ነባሩ ሳምፕ ውስጥ፣ ውሃው ከፍ ዝቅ በማይልበት በስኪመሩ ክፍል ይቆይ። ወደ ፓምፑ ክፍል አይወስዱት፤ ያ ክፍል ከሁሉ ቀድሞ የሚደርቀው ነው።